ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው አጎበሩን ከስንቁ ጋር ይያዝ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት በፋርጣ፣ በጋይንትና በእስቴ ደጋዎች የሚኖር ሰው ወባን የሌላ አገር በሽታ አድርጎ ያያታል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ብርዱም የወባን ትንኝ ስለማይስማማት፣ ነገሩ ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሰው እንደ ዛፍ ባንድ ቦታ ተተክሎ አይኖርም። አረም ሲደርስ፣ ሰሊጥ ሲታጨድ፣ ጎልማሳው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ ሁመራ ይወርዳል። ቅርቡም ቢሆን ፎገራ አለ፤ ለሩዝ ሥራ ወደ ወረታ ወርዶ የሚሰነብተው ጥቂት አይደለም።

ደግሞም ደጋነት ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ (በፈረንጅ 1958) ወባ ከቆላው ወጥታ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አገሮች ተዛመተች። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 የሚሆን ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። በሽታውን ያልለመደ ሰውነት መከላከያ ስለሌለው፣ ቆላ የወረደ ደገኛ ከቆለኛው ይልቅ ይጠናበታል።

ልጅ ወደ ቆላ ሊወርድ ሲነሣ እናት በሶውን ታዘጋጃለች፤ ቆሎውን ትቆላለች፤ ድርቆሹን ትቋጥራለች። አጎበሩ፣ አንዳንዶች ዛንዚራ የሚሉት፣ ግን እቤት ይቀራል። «ሜዳ ላይ ምን ላይ ሊሰቅለው?» ይባላል። ይሰቀላል እንጂ! አሰቃቀሉን ግን ልጁ ከመውረዱ በፊት ደጅ ላይ ወጥቶ ቢለማመደው መልካም ነው፤ ቆላ ከደረሰ በኋላ ደክሞት ሲመሽበት አይማረውም።

እንዲህ ያድርግ። ቁመታቸው እስከ ደረት የሚደርስ አራት ካስማዎች ይትከልና የአጎበሩን አራት ማዕዘን በገመድ ይሰርባቸው። መኝታውን በመካከሉ ያንጥፍ። የአጎበሩን ጫፍ ዙሪያውን ከሰሌኑ ወይም ከጀንዲው ሥር አስገብቶ ይወትፈው፤ አንዲት እጅ የምታስገባ ክፍተት ከቀረች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የወባ ትንኝ (የምትናከሰው ሴቲቱ ብቻ ናት) ከምሽት ጀምሮ እስከ ንጋት ትናከሳለችና፣ አጎበሩ ጀምበር ሳትጠልቅ ተሰቅሎ ይደር። ሰውየው እሳት ዳር ሲያወጋ ያመሸ እንደሆነም እጁንና እግሩን በጋቢ ይሸፍን።

አሁን አሁን አጎበሩ አብሮ የተሰፋበት፣ በሁለት ዛፍ መካከል በገመድ የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ ከውጭ አገር ይመጣል። ሕፃን በአንቀልባ እንደሚታዘል ሰውየውን አቅፎ ይይዘዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች በጫካ ሲዋጉ በዚህ ዓይነት አልጋ ይተኙ ነበር፤ በቬትናምም ጫካ ውስጥ ለሚያድሩ ሠራተኞች መድኃኒት የተነከረ አጎበር ለእንዲህ ያለው አልጋ ተሠርቶ ተሞክሯል። ከእርጥብ መሬት፣ ከጉንዳንና ከጊንጥ ስለሚያርቅ ጥሩ ነገር ነው። ከተገኘ አይጠላም፤ ነገር ግን ሳያውቁት ቢተኙበት ያታልላል።

አንደኛ፣ ጀርባ ጨርቁን ወጥሮ ስለሚነካው ትንኟ ከታች መጥታ በስሱ ጨርቅ በኩል ትወጋለች። ስለዚህ ቁርበት ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ከሥር ማንጠፍ ያስፈልጋል። የላዩም መረብ ፊትንና ክንድን እንዳይነካ መያዣ ገመዱ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። ከገቡም በኋላ መዝጊያውን ዚፕ እስከ መጨረሻው መሳብ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል፤ ዛፉ ነው። በመተማና በሁመራ ቆላ ለማሰሪያ የሚመች ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ግራር ነው። ግራር ባለበት፣ ዋልካ መሬት በተሰነጠቀበትና ኩይሳ ባለበት ደግሞ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ በጣም የምታንስ ነፍሳት ትኖራለች። ስትበር ድምፅ የላትም፤ ዓይነ ሰፊ መረብም አያግዳትም። ይህችው ዝንብ ካላአዛር የሚባለውን በሽታ ከሰው ወደ ሰው ታስተላልፋለች። ስለዚህ ከግራር ሥር ማደር አይገባም፤ አልጋውም ቢሆን ከግራርና ከኩይሳ ርቆ በተተከለ ጠንካራ ምሰሶ ላይ ይታሰር። አጎበሩም መድኃኒት የተነከረ ይሁን፤ መረቡ ያላገዳትን መድኃኒቱ ይገድላታል።

ይህ ለማስፈራራት የተጻፈ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2005) እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ በሊቦ ከምከም፣ ካላአዛር ተነሥቶ ብዙ ቤት አጎደለ። በሽታው ወደዚያ የገባው ከሁመራና ከመተማ ሥራ በተመለሱ ሰዎች እንደሆነ ይታመናል። ሕመሙ መጀመሪያ ወባ መስሎ ስለነበር የወባ መድኃኒት ቢሰጥም አልሻረም፤ ምንነቱ ከታወቀ በኋላ አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ላይ ሕክምናው ተጀመረ።

ስለ አጎበሩ አያያዝ ጥቂት እንበል። አዲስ ሲሆን ከመጠቀም በፊት አንድ ቀንና ሌሊት ጥላ ሥር ይናፈስ። ሲቆሽሽ በለስላሳ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ በረኪና አይንካው፤ ፀሐይም መድኃኒቱን ስለሚያጠፋው ጥላ ላይ ይሰጣ። እጣቢውን ወንዝ ውስጥ መድፋት ዓሣ ይገድላል። የተቀደደውን ቶሎ በመርፌ መጥቀም ነው። እህል ለማሰር፣ ዓሣ ለማጥመድ ያዋሉት አጎበር ግን ከዚያ ወዲያ አጎበር አይባልም። ፎገራ ላይ ቤት ያላችሁ እናቶችማ፣ አጎበሩ አንድ ብቻ ከሆነ እርጉዝ ሴትና ሕፃናት ይተኙበት።

ልጅዎ ወይም ባለቤትዎ ከቆላ ተመልሶ ትኩሳት የያዘው እንደሆነ «ድካም ነው፣ ምች ነው» ብለው አያስተኙት፤ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ይውሰዱት። አንዱ የወባ ዓይነት በጉበት ተደብቆ ቆይቶ ከወራት በኋላ ይነሣልና፣ «ከተመለሰ ቆይቷል» ማለት ምክንያት አይሆንም። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነቱ ከከሳ፣ ግራ ጎኑ ከጎድኑ በታች አብጦ ከጠነከረ ካላአዛር ይጠረጠራል፤ ያልታከመ ሰው ይሞታል፤ የታከመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ለጤና ሠራተኛዋ ከሁሉ አስቀድመው የት ወርዶ እንደነበረና ከምን ሥር ያድር እንደነበረ ይንገሯት።