ለበቆሎ ጠላ ስንት እህል?

ጠላ የሚጠምቁ እናቶች የብቅሉንና የበቆሎውን ልክ በዓይናቸው ያውቁታል። እኛ ተማሪዎች ጠምቀን አናውቅም፤ ሒሳቡን ግን ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለን ሠርተነዋል። በቁጥር ሲጻፍ ጎተራው ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀር አስቀድሞ ይታያል።

ብቅል ለምን ያስፈልጋል? ገብስ ወይም ስንዴ ተነክሮ ሲበቅል በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ኃይል ያገኛል። ስኳሩን ደግሞ እርሾው በልቶ አልኮል ያደርገዋል። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ እንኩሮ የሆነ በቆሎ ይህ ኃይል የለውም፤ ከብቅሉ ነው የሚበደረው። ስለዚህ ብቅል በፀሐይ ይደርቃል እንጂ እንደ አሻሮው በምጣድ አይቆላም። እንኩሮውም ሳይበርድ ከጥንስሱ ጋር አይቀላቀልም።

ልኩ ከአገር አገር ይለያያል። ለሒሳባችን 4 እጅ በቆሎ ለ1 እጅ ብቅል እንያዝ። በቆሎው 20 ኪሎ ከሆነ፣ 20 ለ4 ሲካፈል ብቅሉ 5 ኪሎ ይሆናል። ብቅሉ 3 ኪሎ ብቻ ቢሆንስ? 3 ጊዜ 4፣ 12 ኪሎ በቆሎ። የቀረው 8 ኪሎ ወደ ጎተራ ይመለስ። «ግድ የለም፣ ይጨመር» የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን ብቅል ያነሰው እንኩሮ አተላው ይበዛል፤ እህሉ ለከብት ሄደ ማለት ነው።

በጣሳ ለሚሰፍር ጥንቃቄ ያሻል። አንድ ጣሳ ፍሬ ከአንድ ጣሳ ዱቄት ይከብዳል። በቆሎውን በፍሬ፣ ብቅሉን በዱቄት ሰፍሮ «4 ለ1 ነው» ማለት አያስኬድም። ሁለቱም በፍሬ፣ ወይም ሁለቱም በዱቄት ይሰፈሩ።

አሁን ወደ ጎተራው እንመለስ። በአንድ ቤት 5 ሰው አለ እንበል። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ቢበላ ቤቱ 2 ኪሎ ተኩል ይፈጃል። 1 ኩንታል 100 ኪሎ ነውና 40 ቀን ያደርሳል። ለደቦ 20 ኪሎ ከተጠመቀ የሚቀረው 80 ኪሎ፣ ማለትም የ32 ቀን ቀለብ ነው። 8 ቀን ጎደለ። በሐምሌ 8 ቀን ቀላል አይደለም! ደቦ ያለ ጠላ አይጠራም ይባላል፤ እውነት ነው። ግን በ10 ኪሎ በቆሎና በ2 ኪሎ ተኩል ብቅል ቢጠመቅ የሚጎድለው 4 ቀን ብቻ ነው። የብቅሉ ገብስም እህል ነውና ይታሰብ። ለዘር የተለየው በቆሎ ግን ከነጭራሹ አይነካ፤ አንድ ሄክታር 25 ኪሎ ያህል ዘር ይፈልጋል።

የሻገተውን በቆሎ «ለጠላ ይሁን» የሚሉ አሉ። የሻጋታው መርዝ በመቁላት ጨርሶ አይጠፋም።

መልመጃ፦ 6 ሰው ያለበት ቤት 70 ኪሎ በቆሎና 4 ኪሎ ብቅል አለው። ብቅሉ በሙሉ ቢጠመቅ ስንት ኪሎ በቆሎ ይወጣል? የቀረው በቆሎስ ቤቱን ስንት ቀን ያደርሳል?