«ሆልድ አፕ» የሚለው የእንግሊዝኛ አነጋገር

«ሆልድ» መያዝ፥ «አፕ» ወደ ላይ ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ፍቻቸው ልዩ ልዩ ነው።

፩ኛ፤ ደግፎ መሸከም። ግድግዳ ጣራን ሲሸከም በዚሁ ቃል ይነገራል።

፪ኛ፤ ማዘግየት። ሰሊጥ ከጎንደር ወደ ውጭ አገር ለላከ ነጋዴ፥ «ሺፕመንት ሄልድ አፕ» የሚል መልእክት ከጅቡቲ ቢደርሰው፥ ጭነቱ ዘግይቷል ማለት ነው እንጂ ተወርሷል ማለት አይደለም። ምክንያቱን ጠይቆ የጎደለ ሰነድ ቢኖር ያሟላል።

፫ኛ፤ ሳይወድቁ መጽናት። «ፕራይስስ አር ሆልዲንግ አፕ» ቢባል፥ ዋጋው አልወደቀም ማለት ነው። «ጨምሯል» ብሎ ተርጉሞ ከገበሬው በውድ የገዛ ነጋዴ በገዛ ስሕተቱ ይከስራል።

፬ኛ፤ በመሣሪያ አስፈራርቶ መዝረፍ። «ትራክ ሄልድ አፕ» የሚል አጭር መልእክት ሲደርስ፥ መኪናው ዘግይቶ ወይም ተዘርፎ ሊሆን ስለሚችል፥ ለመድን ድርጅት ከማስታወቅ በፊት ላኪውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአማርኛውም «ተያዘ» እንዲሁ ነው፤ ሌባ ተያዘ፥ ቦታ ተያዘ፥ ቀጠሮ ተያዘ ይባላል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ከነዐረፍተ ነገሩ ይመረምራል፤ ሲጠራጠርም ከመክፈሉ በፊት ይጠይቃል።