ዋት ብቻውን አይሸጥም፦ የድምፅ መሣሪያ ኩባንያዎች ስኬት በፊዚክስ ዓይን

በአገራችን ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ሞንታርቦ» ይለዋል። ቃሉ ግን በመነሻው የአንድ የኢጣሊያ የድምፅ መሣሪያ አምራች ኩባንያ መጠሪያ ነው። የኩባንያ ስም የዕቃ ስም እስከ መሆን መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም። በአንጻሩ ዛሬ በዚሁ ስም የሚጠራው ሣጥን የሌላ ፋብሪካ ሥራ ሊሆን ስለሚችል፣ ስም ብቻውን ገበያን አይዝም። ለመሆኑ የድምፅ መሣሪያ ኩባንያን በገበያ ላይ የሚያጸናው ምንድን ነው? ጥያቄው የንግድ ትምህርት ብቻ ይመስላል፤ የመልሱ ሰፊ ክፍል ግን በፊዚክስ ውስጥ ይገኛል።

ገዢው የሚፈልገው ምንድን ነው?

እስቲ በምሳሌ እንመልከተው። ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በጀልዴሳ፣ በገላጣ ሜዳ ላይ ሠርግ አለ እንበል። ከስፒከሩ 32 ሜትር ርቀው ለተቀመጡ እንግዶች ድምፁ 80 ዴሲቤል ሆኖ መድረስ አለበት። በገላጣ ስፍራ ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከ1 ሜትር እስከ 32 ሜትር ድረስ ርቀቱ 5 ጊዜ በእጥፍ ያድጋል (2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32)። ስለዚህ ቅናሹ 30 ዴሲቤል ነው፤ በ1 ሜትር ላይ 110 ዴሲቤል ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሁለት ስፒከሮች ቀርበውልናል። በ1 ዋት ኃይል፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ አንደኛው 90፣ ሁለተኛው 100 ዴሲቤል ይሰጣሉ። ኃይል በ10 እጥፍ ሲያድግ የድምፁ መጠን በ10 ዴሲቤል ይጨምራል። እንግዲህ አንደኛው 100 ዋት ሲጠይቅ፣ ሁለተኛው ያንኑ ሥራ በ10 ዋት ይፈጽማል። የሁለተኛው ባለቤት በአነስተኛ አምፕሊፋየር፣ በአነስተኛ ጄኔሬተርና በጥቂት ነዳጅ ሠርጉን ያደምቃል። ገዢው ከሱቅ የሚፈልገው ዋት ሳይሆን ጆሮ የሚደርስ ድምፅ መሆኑን የተረዳ ኩባንያ ከተወዳዳሪው አንድ እርምጃ ይቀድማል።

በቁጥር ማታለል

አንዳንድ አምራቾች ግን የተገላቢጦሹን መንገድ መርጠዋል። በብዙ የቴፕና የስፒከር ሣጥኖች ላይ «1000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ ነበር። ይህ ቁጥር አንድ ወጥ የሆነ የመለኪያ ሥርዓት የሌለው፣ በቅጽበት ሊወጣ ይችላል ተብሎ የሚገመት የኃይል መጠን ነው። ተማሪው ሊያጋልጠው የሚችለው በኃይል አለመጥፋት ሕግ ነው። መሣሪያው በጀርባው ላይ ከመስመር 60 ዋት እንደሚወስድ ከተጻፈበት፣ ያለማቋረጥ 1000 ዋት ሊሰጥ አይችልም። እንዲህ ያለ ቁጥር ለአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ያው ሰው ተመልሶ እንዲገዛ ግን አያደርግም።

ሙቀትን የማያውቅ ዕቃ

ሌላው መመዘኛ የመሣሪያው ጽናት ነው። ስፒከር ከሚቀበለው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው ብዙ ጊዜ ከጥቂት በመቶ አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። አምፕሊፋየሩም እንዲሁ ይሞቃል። የአምፕሊፋየሩ ማቀዝቀዣ ብረት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ የለበትም እንበል። አየሩ 25 ዲግሪ በሆነበት ስፍራ የሙቀት ልዩነቱ 55 ዲግሪ ነው፤ አየሩ 40 ዲግሪ በሆነበት ቆላ ግን ልዩነቱ ወደ 40 ይወርዳል። ወደ አየር የሚወጣው ሙቀት ከዚህ ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ በመሆኑ፣ ያው ብረት በቆላ የሚያስወግደው ሙቀት በደጋ ከሚያስወግደው 73 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ መሣሪያ በቆላ የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዕቃው የሚሠራበትን አየር አስቀድሞ ያሰላ፣ መለዋወጫውንም ለጠጋኙ ያቀረበ ኩባንያ ደንበኛውን ያቆያል።

ምርምርና መንገድ

ፕሮፌሰር አማር ቦዝ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙት ኩባንያ ያወጣው የመጀመሪያ ስፒከር ገበያ አልቀናውም። በ1968 የወጣው 901 የተባለው ግን ተወደደ። በኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ከሚሰማው ድምፅ አብዛኛው ከግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመጣ መሆኑን በማጤን፣ ከ9ኙ ስፒከሮች 8ቱ ወደ ኋላ፣ 1ዱ ብቻ ወደ ፊት እንዲመለከቱ ተደርጎ ነበር። ለውጡን ያመጣው የሰው ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ማጥናት ነው።

ይሁን እንጂ ጥሩ ዕቃ ብቻውን አይበቃም፤ የገበያውን መንገድ ማወቅም ያስፈልጋል። ጀልዴሳ ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው የንግድ መስመር ላይ የግመል ቅፍለት ማረፊያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሲደርስ ንግዱ ወደ አዲሲቱ ጣቢያ ዞረ። ግመሉ አልሰነፈም፤ መንገዱ ተለወጠ። በድምፅ ሥራም እንዲሁ ሆኗል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀውን ካሴት ሌሎች አምራቾችም ያለ ክፍያ እንዲሠሩት በመፍቀዱ፣ የአንዱ ፋብሪካ ካሴት በሌላው ቴፕ የሚሰማበት አንድ ሐዲድ ተዘረጋ። በአገራችንም ካሴት ቀስ በቀስ ሸክላን ተካ። በኋላ ዲጂታል ድምፅ ሲመጣ ካሴትም በተራው ከመንገዱ ወጣ።

ስለዚህ ነገ የድምፅ መሣሪያ መገጣጠሚያ ለማቋቋም የሚያስብ ተማሪ አራት ነገሮችን ቢይዝ ይጠቅመዋል፦ ጆሮ የሚደርሰውን ድምፅ መለካት፣ እውነተኛ ቁጥር መጻፍ፣ ዕቃውን ለአገሩ አየር ማዘጋጀት፣ ሌሎች የሚሄዱበትን ሐዲድ ማወቅ።

መልመጃ፦ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ እንግዶቹ 64 ሜትር ርቀው ቢቀመጡ፣ ሁለቱ ስፒከሮች ስንት ስንት ዋት ይፈልጋሉ? (መልስ፦ 400 እና 40 ዋት ያህል።)