ዜሮ ቫት እና «ከቫት ነፃ» ለየቅል ናቸው

ዛሬ ከገበያ ዋጋ ትንሽ ወጣ ልበል፤ ነገሩ ግን ዞሮ ዞሮ ኪሳችን ጋ ነው የሚደርሰው።

ሰሞኑን አንድ ሰሊጥ ላኪ ወዳጄ የኩንታል ወጪውን ሲያሰላ ለጆንያና ለማበጠሪያ የከፈለውን ከነቫቱ ደመረው። «ኤክስፖርት ከቫት ነፃ አይደል? ምን ይመለስልኛል ብለህ ነው?» አለኝ።

አይደለም! ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ቫት አለበት፤ ምጣኔው ግን ዜሮ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከቫት ነፃ የሆነ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ግዢው ላይ የከፈለው ቫት ወጪ ሆኖበት ይቀራል። በዜሮ ምጣኔ የሚልክ ግን ለቫት ከተመዘገበ ያንን ማስመለስ ይችላል።

እንበልና ለ1,000 ኩንታል ጆንያና ማበጠሪያ ከቫት በፊት 400,000 ብር ወጣ። 15 በመቶው 60,000፣ በኩንታል 60 ብር ነው። ገዢ በሳንቲም ልዩነት ወደ ሌላ አገር ሰሊጥ በሚዞርበት ገበያ 60 ብር ዋጋችሁ ላይ መጫን ውል ያሳጣል።

ደረሰኙ ላይ የድርጅታችሁ ስምና ቲን ቁጥር በትክክል ይስፈር፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑም አብሮ ይቀመጥ። ሻጩ «ያለ ደረሰኝ ላራክስልህ» ካለ እሺ እንዳትሉ፤ የሚያራክስላችሁ በራሳችሁ ብር ነው። ተመላሹ ጊዜ ይወስዳል፣ እሱን አልክድም። ስለዚህ ለቀጣዩ ጭነት መግዣ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ዊዝሆልዲንግም ያው ነው፦ ከዓመቱ የትርፍ ግብር ላይ ይቀነስላችኋል፣ ደረሰኙ ግን በእጃችሁ ይኑር። የደረጃ «ሀ» ግብር ማሳወቂያ ጥቅምት 30 ያበቃል፤ ዩኒየኖች፣ ፋይሉን ከአሁኑ ለሒሳብ ሠራተኛችሁ አድርሱ።