የሚዘዋወር ልጅነት፦ በአሜሪካ ጦር ቤተሰቦች ውስጥ ያደጉ ልጆችና ያልተለዩ ሁለት ጥያቄዎች

በአሜሪካ ጦር ውስጥ አንድ ወታደር በአንድ የምድብ ቦታ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። የዝውውር ትእዛዝ ሲደርሰው ቤተሰቡም አብሮ ይነሣል። በመሆኑም የወታደር ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ 12ኛ ክፍልን እስኪያጠናቅቅ በአማካይ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ እንደሚዛወር በዘርፉ ጽሑፎች በተደጋጋሚ ይገለጻል። እነዚህ ልጆች በእንግሊዝኛ «ሚሊተሪ ብራት» ይባላሉ። ሁለተኛው ቃል በተለመደው አነጋገር ሞልቃቃና ሥርዐት የጎደለው ልጅ ማለት ቢሆንም፣ በዚህ ሕይወት ያለፉት ግን እንደ ማዕረግ ስም ይጠሩበታል።

ስለ እነርሱ የተጻፈው በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ተደጋጋሚ ዝውውር ልጅን ሥር አልባ እንደሚያደርግና ትምህርቱን እንደሚጎዳ ያስረዳል። ሌላው ደግሞ ልጁ ከአዲስ ነገር ጋር ቶሎ የሚላመድ፣ ከማንም ጋር መግባባት የሚችል ሆኖ እንደሚያድግ ያመለክታል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ክርክሩ እልባት ያጣው «ዝውውር» በሚለው አንድ ቃል ሥር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ስለተጠቀለሉ ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው የትምህርት ሰንሰለት መቋረጥ ሲሆን ሕግና ደንብ ሊጠግነው የሚችል ነው። ሁለተኛው የአገር ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ልጁ «አገሬ» የሚለው ስፍራ በውሰት የተሰጠው መሆኑ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የተቋረጠው ትምህርት

በአሜሪካ ትምህርት የክፍለ ግዛቶች ሥልጣን ነው። ለመመረቅ የሚያስፈልጉት የትምህርት ዓይነቶች፣ ትምህርት የሚጀመርበት ዕድሜና የክትባት ደንብ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ይለያያሉ። 11ኛ ክፍልን በአንድ ክፍለ ግዛት ጨርሶ ለ12ኛ ክፍል ወደ ሌላ የተዛወረ ተማሪ፣ የአዲሱን ክፍለ ግዛት ታሪክ ስላልተማረ ብቻ መመረቂያው ሊሰናከልበት ይችል ነበር። የስፖርት ቡድን ምርጫ ካለፈ በኋላ የደረሰው ዓመቱን በተመልካችነት ያሳልፋል። ልዩ ድጋፍ የሚያሻው ልጅ ደግሞ ቀድሞ የተዘጋጀለት የትምህርት ዕቅድ ወደ ጎን ተትቶ ምርመራው እንደገና ሲጀመር ወራት ይባክኑበት ነበር።

ይህን ችግር ለማቃለል በ2008 በክፍለ ግዛቶች መካከል የወታደር ልጆችን ትምህርት የሚመለከት ስምምነት ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2014 ደግሞ 50ዎቹም ክፍለ ግዛቶች አባል ሆኑ። በስምምነቱ መሠረት ተቀባዩ ትምህርት ቤት ኦፊሴላዊው ማስረጃ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ተማሪው በእጁ በያዘው ቅጂ ይመዘግበዋል፤ ለጎደለው ክትባት 30 ቀን ይሰጠዋል፤ በቀድሞው የክፍል ደረጃና የትምህርት መርሐ ግብር ያስቀጥለዋል። ተመሳሳይ ኮርስ ሌላ ቦታ ወስዶ ከሆነ የመመረቂያው ግዴታ ሊነሣለት ይችላል፤ ይህ ካልተቻለም የቀድሞው ትምህርት ቤት ዲፕሎማውን የሚሰጥበት መንገድ እንዲፈለግ ተደንግጓል። አንቀጾቹ የጸሐፊ ጠረጴዛ ሥራ ይመስላሉ። አንድ በአንድ ለሚያነባቸው ግን፣ ከዚያ በፊት ለአንድ አዲስ መጪ ልጅ ስንት በር ተዘግቶ እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ናቸው።

ዝውውር በራሱ ትምህርትን ይጥላል የሚለውን አስተሳሰብ ይበልጥ የሚፈትነው የመከላከያ ሚኒስቴሩ ራሱ የሚያስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች ውጤት ነው። በውጭ አገር የሚገኙት እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከጦርነቱ ማግስት፣ በ1946፣ በጀርመንና በጃፓን የተጀመሩ ናቸው። ተማሪዎቻቸው እንደማንኛውም የወታደር ልጅ ይዘዋወራሉ። ሆኖም በ2022 በተካሄደው ብሔራዊ የትምህርት ምዘና በ4ኛም ሆነ በ8ኛ ክፍል፣ በንባብም ሆነ በሒሳብ፣ ከክፍለ ግዛቶች ሁሉ በልጠው ተገኝተዋል። በ8ኛ ክፍል ንባብ ብሔራዊው አማካይ 260 ሲሆን የእነርሱ 282 ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእነዚህ ተማሪዎች ወላጅ ሥራ አለው፤ ቤተሰቡ መኖሪያና ሕክምና አለው። ስለዚህ ምስጋናው ለትምህርት ቤቱ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ነገር ግን ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የሚሄደው ልጅ አንድ ዓይነት ሥርዐተ ትምህርት ሲጠብቀው ሻንጣ ማሰሩ ብቻውን ወደ ኋላ እንደማያስቀረው ውጤቱ ያመለክታል። ዕድሉ የደረሳቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ከወታደር ልጆች ከአምስቱ አራት ያህሉ የሚማሩት በየአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።

ታዲያ የመዝገቡ ጉዳይ ከተስተካከለ ቀሪው ቀላል ነውን? በ2014 የታተመ አንድ ጥናት አይደለም ያሰኛል። ጥናቱ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የወታደር ልጆችን የሕክምና መዝገብ የመረመረ ሲሆን፣ ሩብ ያህሉ በ2008 የተዛወሩ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት የተዛወሩት ልጆች ካልተዛወሩት ይልቅ ለአእምሮ ጤና እክል ወደ ሕክምና የመሄድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከ12 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ልዩነቱ በድንገተኛ ክፍልና በሆስፒታል ተኝቶ በመታከምም ጭምር ታይቷል። ከ2001 በኋላ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች የወላጅን ወደ ግዳጅ መሄድና የቤተሰብን መዛወር ስለሚያደባልቁ እንዲህ ያለ ማስረጃ ብርቅ ነው። አባቱን ተከትሎ ከተማ የቀየረ ልጅና በሰፈሩ ሆኖ እናቱን ወደ ጦር ግንባር የሸኘ ልጅ የሚሸከሙት አንድ ዓይነት ሸክም አይደለም።

የውሰት አገር

ሁለተኛውን ጉዳይ ለመረዳት የጦር ግቢውን ኑሮ መመልከት ያሻል። ሶሺዮሎጂስቷ ሩት ሂል ዩሲም በ1950ዎቹ በሕንድ የሚኖሩ አሜሪካውያንን ስታጠና፣ የወላጆችም የአስተናጋጁ አገርም ያልሆነ «ሦስተኛ ባህል» እንዳለ አስተውላ ነበር። የጦር ግቢ የዚህ ባህል በአጥር የተከበበ መልክ ነው። ከጀርመን ወደ ጃፓን፣ ከጃፓን ወደ ቴክሳስ የሄደ ልጅ ተመሳሳይ ሱቅ፣ ተመሳሳይ ሲኒማ ቤት ያገኛል። ማታ ባንዲራ ሲወርድ መኪናው ይቆማል፤ እግረኛው ወደ ባንዲራው ዞሮ ይቆማል። የመኮንንና የተራ ወታደር ቤት በተለያየ ረድፍ ስለሚሠራ፣ የአባትን ማዕረግ የማያውቅ ልጅ የለም።

በሌላ በኩል ይኸው ግቢ ከውጭው ዓለም ቀድሞ የሄደበት ጊዜም ነበረ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1948 በጦሩ ውስጥ የዘር መድልዎ እንዲቀር አዘዙ፤ በጥር 1954 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ቻርልስ ዊልሰን በጦር ግቢ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን መለያየት እስከ መስከረም 1955 እንዲያቆሙ መመሪያ ሰጡ። ይህ የሆነው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ታሪካዊ ውሳኔ ከመሰማቱ ከአራት ወር በፊት ነው። በውጭ አገር ግቢ ከነጭ ልጅ ጎን ተቀምጦ የተማረ ጥቁር ልጅ፣ የአባቱ ዝውውር ወደ ደቡብ ክፍለ ግዛቶች ሲሆን ከግቢው አጥር ውጭ የተለየ በር ይጠብቀው ነበር። ለእርሱ ዝውውር የቦታ ለውጥ ብቻ አልነበረም።

ሜሪ ኤድዋርድስ ወርትሽ በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ዓለም «ምሽግ» ብላዋለች፤ ልጆቹ ምስጢር መጠበቅን፣ ስሜትን መዋጥንና ችግርን መካድን ከምሽጉ እንደሚማሩ ታስረዳለች። ሥራዋ በጎልማሶች ትዝታ ላይ የተመሠረተና በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ያደጉትን የሚመለከት በመሆኑ ለዛሬው ልጅ እንዳለ አይወሰድም። ምሽግ የሚለው ምስያም የሚያሳየው የአጥሩን ጥብቀት ነው፤ ልጁ አድጎ ከአጥሩ ውጭ የሚቀርበትን ቀን ግን እምብዛም አያሳይም።

ያ ቀን በመታወቂያ ላይ ተጽፏል። የወታደር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ዓመቱ የጥገኛ መታወቂያ ያገኛል፤ በ21 ዓመቱ፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ ደግሞ በ23 ዓመቱ፣ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ብስክሌት መንዳት የተማረበትን ጎዳና ለማየት የሚያስገባው ሰው ያስፈልገዋል። የገበሬ ልጅ ከተማ ገብቶ ቢቀር እንኳ የአባቱ ቀዬ አለው፤ የወታደር ልጅ ቀዬ ግን ከአባቱ ሥራ ጋር የተሰጠ፣ ከሥራው ጋር የሚወሰድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ቦታው ራሱ ይጠፋል። በበርሊን የነበረው የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1994፣ የሃይደልበርጉ በ2013 ተዘግተዋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሚሆነው ምሳሌ በአሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ ነው። ኮሪያ በዘመተው ሻለቃ ስም የተሰየመው ይህ የመገናኛ ጣቢያ፣ አሜሪካውያን ከ1943 ጀምረው የተጠቀሙበት፣ በ1953 በተፈረመ ስምምነት የጸናና በ1977 የተዘጋ ነው። በውስጡ የአሜሪካውያን ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበረ። ያ ልጅ የተማረው በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ፎርም ሲሞላ የከተማይቱ አገር ኤርትራ ነው፤ ትምህርት ቤቱም የለም። የእነዚህን ልጆች መምጣትና መሄድ ዓመት ከዓመት ያዩት የቤት ሠራተኞችና ሞግዚቶች በጥናቶቹ ውስጥ ድምፃቸው አለመሰማቱ ሌላ ጉድለት ነው።

በኢትዮጵያም በጦር ካምፕ ይኖር የነበረ ቤተሰብ የመኖሪያ መብቱ የተመሠረተው በአባት አገልግሎት ላይ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ያ መሠረት በአንድ ጊዜ ተነሣ። በዚህ ላይ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ተመራማሪ «ስንት ጊዜ ተዛወራችሁ?» ከሚለው ቁጥር ባሻገር፣ ዝውውሩ በስንተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ ማስረጃው ከልጁ ቀድሞ ወይስ ዘግይቶ እንደመጣ፣ የመጨረሻውን ካምፕ ለቀው ሲወጡ ስንት ቀን እንደተሰጣቸውና ከዚያ ወዲህ ገብተው አይተውት እንደሆነ ለየብቻ መጠየቅ ይኖርበታል። «አገርዎ የት ነው?» የሚለው የተለመደ ጥያቄም በመጠይቁ ራስጌ እንደ መታወቂያ መረጃ የሚሞላ ሳይሆን፣ ሰፊ ባዶ ቦታ ተትቶለት በመጨረሻ የሚቀርብ ቢሆን ይመረጣል።