በጥቂት አሲድ ናሙና ማዘጋጀት
(ለቤተ ሙከራ ባለሙያዎችና ለልማት ሠራተኞች፣ ደሴና ኮምቦልቻ)

መግቢያ

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። በዳሩ በመስኖ አትክልት ይለማል። ወደ ቦርከና የሚገቡ ትናንሽ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላሉ፤ ክሮሚየምና ዚንክ እንዳለባቸውም የታተሙ ጥናቶች አመልክተዋል። ክሮሚየም ለቆዳ ማልፊያ የሚውል ነው። ስለዚህ ገበሬው «ጎመኔ ለልጆቼ ይሆናል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛ መልስ ልንሰጠው ይገባል። ይሁን እንጂ መልሱን ስንፈልግ የራሳችንን አሲድ ወደዚያው ወንዝ የምንደፋ ከሆነ ሥራችን ከንቱ ነው።

የቀድሞው ዘዴ ችግር

በተለመደው ዘዴ ግማሽ ግራም የደረቀ ቅጠል በክፍት ዕቃ ውስጥ በ10 ሚሊ ሊትር ያህል ጠንካራ አሲድ ይፈላል። በቀን 40 ናሙና ቢሠራ 400 ሚሊ ሊትር አሲድ ያልቃል። ጢሱ ሳንባን ይጎዳል። ፐርክሎሪክ አሲድ ሲጨመር ደግሞ የፍንዳታ አደጋ አለ።

ሌላም ችግር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በኮምቦልቻ በ94 ገደማ። ስለዚህ በፈላ ውሃ ላይ ለሚደረግ ማሟሟት በባሕር ጠለል የተለካው ሰዓት ለእኛ ላይበቃ ይችላል።

የተሻሉት ዘዴዎች

1. በተከደነ ዕቃ፦ በማይክሮዌቭ ማሟሟት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ለሩብ ግራም ቅጠል 2 ሚሊ ሊትር ናይትሪክ አሲድ፣ 1 ሚሊ ሊትር ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና 5 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሚነሳው የናይትሮጅን ጋዝ ከዕቃው አየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ተመልሶ አሲድ ስለሚሆን፣ ጥቂቱ አሲድ ደጋግሞ ይሠራል። ዕቃው ዝግ ስለሆነም የቦታው ከፍታ አያግደውም። ለ40 ናሙና የሚያስፈልገው 80 ሚሊ ሊትር አሲድ ብቻ ነው። ከአሲዱ ጋር የሚገባው ባዕድ ብረት ስለሚቀንስ ውጤቱም ይጠራል።

2. በማቃጠል፦ ማይክሮዌቭ የሌለው ቤተ ሙከራ ቅጠሉን ከ450 እስከ 500 ዲግሪ አመድ አድርጎ በቀጠነ አሲድ ሊያሟሟው ይችላል። ሜርኩሪ፣ አርሴኒክና ሴሌኒየም ግን በሙቀት ስለሚበኑ ለእነርሱ አይሆንም።

3. ለአፈር፦ የምንፈልገው ተክሉ ሊወስደው የሚችለውን ዚንክ ከሆነ አፈሩን በጠንካራ አሲድ ማፍላት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመው በዲቲፒኤ ዘዴ 10 ግራም አፈር በ20 ሚሊ ሊትር መፍትሔ ለሁለት ሰዓት ይናጣል፤ ከዚያም ይጣራል። ዘዴው ለጠቅላላ የብክለት መጠን አያገለግልም።

ናሙና ሲወሰድ

አፈሩን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ማንኪያ አንሱ፤ ዶማና አካፋ ብረት ይጨምራሉ። ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ፣ ቀጥሎም በተጣራ ውሃ እጠቡ። ዚንክ በተቀባ ቆርቆሮ ላይ አታስጡ። ክሮሚየም ለመለካት ከታሰበ በማይዝግ ብረት ወፍጮ አትፍጩ፤ ብረቱ ራሱ ክሮሚየም አለበትና።

ማሳሰቢያ

ሀ. ሁልጊዜ አሲዱን በውሃው ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃውን በአሲዱ ላይ አትጨምሩ።
ለ. በየዙሩ ናሙና የሌለበት አሲድና መጠኑ የታወቀ ማመሳከሪያ አብራችሁ ሥሩ። ማመሳከሪያው ካልተስማማ የአሲዱ ማነስ ጥቅም የለውም።
ሐ. የማይክሮዌቩን ዕቃ ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ፤ ከመመሪያው መጠን በላይ ናሙና አትጨምሩ።
መ. ያገለገለውን አሲድ በጥንቃቄ በኖራ አብርዱ፤ የረጋውን ዝቃጭ ለይታችሁ በምልክት አስቀምጡ። የዲቲፒኤ ትራፊም ለብቻው ይቀመጥ። አንዱም ወደ ቦይ አይደፋ።

ወንዙን ለመጠበቅ የምንመረምር ሁሉ ጥበቃውን ከገዛ ቤተ ሙከራችን እንጀምር።