ምዕራፍ 7፦ ድምፁ የት ላይ ቆመ? የጊታር ፒክአፕ አገጣጠምና ብልሽት ፍለጋ

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ ላይ አንድ ከባድ መኪና መታጠፊያ ላይ ተሰንቅሮ ከቀረ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ጎበዝ ረዳት የራሱን መኪና ሞተር ከፍቶ አይጎረጉርም። መኪናው ደህና እንደሆነ ያውቃል። በእግሩ ወርዶ መንገዱ የቱ መታጠፊያ ላይ እንደተዘጋ ያያል።

በእጃችሁ የሠራችሁት ኤሌክትሪክ ጊታርም እንደዚያው ነው። ድምፁ ከክሩ ተነሥቶ በፒክአፑ፣ በቮልዩሙ፣ በጃኩና በኬብሉ አድርጎ አምፕሊፋየሩ ዘንድ ይደርሳል። ሌላ አቋራጭ የለውም። አንድ ቦታ ከተዘጋ ጊታሩ ዝም ይላል፣ እኛም ቶሎ ብለን ፒክአፑን እንወቅሳለን።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። ደባርቅ ላይ ከዋንዛ እንጨት የሠራሁት የመጀመሪያ ጊታሬ ድምፅ አልሰጥ ሲለኝ “ፒክአፑ ሞቷል” ብዬ ሌላ አስመጣሁ። አዲሱም ዝም አለ። ሦስተኛ ለመግዛት ገንዘብ ሳጠራቅም፣ ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አባት ጊታሩን አገላብጠው አዩና “ልጄ፣ ለክተኸዋል?” አሉኝ። አልለካሁም ነበር። የጃኩ ምላስ ከለጠፍኩት የአልሙኒየም ፎይል ጋር ተነካክቶ ኖሯል። ሁለቱም ፒክአፖች ደህና ነበሩ። ይህ ምዕራፍ የእሳቸውን ጥያቄ ልማዳችሁ እንዲያደርግላችሁ እፈልጋለሁ፦ ካውያ ከማንሣታችሁ በፊት ለኩ።

ፒክአፕ ምን ይሠራል?

ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ በሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚያልፍ የማግኔት ኃይል ሲለዋወጥ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ፒክአፕ ማግኔትና በዙሪያው የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። ከላዩ ያለው የብረት ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን ኃይል ያናውጠዋል፤ ጥቅሉም ያንን መናወጥ ወደ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል።

ሽቦው 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ያለው፣ ከራስ ፀጉር የማይበልጥ ነው። በተለመደው ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ላይ ከ7,000 እስከ 8,000 ዙር ይጠቀለላል። ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ በጥፍር ብትነኩት ይበጠሳልና ጥቅሉን እንደ ዓይን ብሌን ጠብቁት። ሁለተኛ፣ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ሽቦ የታወቀ ሬዚስታንስ አለው፤ ባለ አንድ ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ኦም፣ ባለ ሁለት ጥቅሉ ሃምባከር ደግሞ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም ያሳያል። ይህ ቁጥር ለእናንተ የፒክአፑ የልብ ትርታ ነው።

አገጣጠሙ

ለመጀመሪያ ሥራ አንድ ፒክአፕ፣ አንድ ቮልዩም፣ አንድ ቶንና አንድ ጃክ ይበቃል። ለባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ የ250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምባከር የ500 ኪሎ ኦም ፖት፣ ማለትም የቮልዩምና የቶን መዘውር፣ ምረጡ። ከፍ ያለው ፖት ቀጭኑን ድምፅ ይበልጥ ያሳልፋል፤ ሃምባከር ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ይህ ይስማማዋል።

ፖት ሦስት እግር አለው። የትኛው ወደ ግራውንድ እንደሚሄድ ከሥዕል ከመገመት መለካት ይሻላል። መዘውሩን እስከ ዜሮ መልሱት፤ ከመካከለኛው እግር ጋር ሲለካ ዜሮ የሚያሳየው የግራውንድ እግር ነው። የፒክአፑ ትኩስ ሽቦ፣ ማለትም ድምፁን የሚወስደው፣ በሌላኛው ጠርዝ እግር ላይ፣ ወደ ጃኩ ጫፍ የሚሄደው ሽቦ መካከለኛው እግር ላይ ይበየዳል። የቶኑ ፖት ፒክአፑ ከገባበት እግር ይነሣል፤ በ0.022 ወይም በ0.047 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በኩል ወደ ግራውንድ ይወርዳል። የፒክአፑ ሁለተኛ ሽቦ፣ የፖቶቹ ጀርባ፣ የጃኩ እጅጌና ክሮቹን የያዘው ብረት ሁሉም በአንድ ግራውንድ ይገናኙ።

ስትበይዱ የፖቱን ጀርባ በአሸዋ ወረቀት ፋቁ፣ ብረቱን አሙቁ፣ ከዚያ ስታኞውን ብረቱ ራሱ ያቅልጠው። ካውያው ላይ ቀልጦ የተንጠባጠበ ስታኞ የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም። ደባርቅና ዳባት ላይ ነፋሱ ካውያውን ቶሎ ያቀዘቅዘዋልና በረንዳ ላይ አትበይዱ፤ ቤት ግቡ፣ መስኮቱን ግን ለጭሱ ትንሽ ክፈቱ።

በአንድ ልኬት አራት መልስ

አሁን ወደ ረዳቱ ብልሃት እንመለስ። ጊታሩን ሳትከፍቱ ኬብል ሰኩ፣ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መልቲሜትሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጋችሁ በኬብሉ ሌላኛው መሰኪያ ጫፍና እጅጌ መካከል ለኩ። ከመንገዱ ግርጌ ቆማችሁ ሽቅብ እየጠየቃችሁ ነው።

ከፒክአፑ ቁጥር በጥቂቱ ያነሰ ካያችሁ፣ ለምሳሌ ለ6 ኪሎ ኦም ፒክአፕ 5.9 አካባቢ፣ መንገዱ ክፍት ነው። የቀነሰው ፖቱ ጎን ለጎን ስለተገናኘ ነው። ችግሩን አምፕሊፋየሩ ላይ ፈልጉ።

ዜሮ ካሳየ ትኩሱ ሽቦ ከግራውንድ ጋር ተነካክቷል። በመጀመሪያ ኬብሉን ብቻውን ለኩት፤ እሱ ደህና ከሆነ የጃኩን ምላስና ፎይሉን እዩ። የእኔ ጥፋት ይህ ነበር።

መልቲሜትሩ ከልኬቱ አልፌያለሁ ካለ ወደ 2 ሜጋ ኦም ከፍ አድርጉት። 250 ኪሎ ኦም አካባቢ (ለሃምባከር 500) ካሳየ የምታዩት ፖቱን ብቻ ነው፤ ፒክአፑ ወይም ሽቦው ተበጥሷል። ምንም ካላሳየ ደግሞ መቆረጡ በኬብሉና በፖቱ መካከለኛ እግር መካከል ነው።

ቮልዩሙን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ ስትለኩ ቁጥሩ ወደ 60 ኪሎ ኦም ቢወጣ አትደንግጡ፤ የፖቱ ጠባይ ነው። የሚታመነው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው።

ለደጋ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ገደማ ይለወጣል። በ20 ዲግሪ 6.0 ኪሎ ኦም የሆነ ፒክአፕ በደባርቅ የ10 ዲግሪ ጠዋት 5.76 ያሳያል። ሊማሊሞን ወርዳችሁ ቆላው ላይ በ30 ዲግሪ ስትለኩት 6.24 ይሆናል። ፒክአፑ አልተበላሸም፤ አየሩ ነው የተለወጠው።

ድምፅ አለ፣ ግን ያጉረመርማል

የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ይህን ይሰማል። ክሮቹን ስትነኩ ጉርምርምታው ከቀነሰ ግራውንዱ ደህና ነው፤ የቀረው ክፍተቱን በመዳብ ወይም በአልሙኒየም ፎይል መሸፈንና ፎይሉን ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ነው። ስትነኩ ከባሰ፣ ወደ ክሮቹ ብረት የሚሄደው ግራውንድ ተቆርጧል ወይም ትኩሱና ግራውንዱ ጃኩ ላይ ተቀያይረዋል። ሰውነታችሁን ወዲህና ወዲያ ስታዞሩ ከፍ ዝቅ ካለ ደግሞ ምንጩ በአቅራቢያ ያለ ትራንስፎርመር ነው፤ ራቅ በሉ። ለዚህ ነው ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ለጊብሰን ሃምባከርን የፈጠረው፦ በተቃራኒ የተገናኙ ሁለት ጥቅሎች ከውጭ የመጣውን ጉርምርምታ እርስ በርስ ያጠፉታል፣ ማግኔቶቻቸውም ተቃራኒ ስለሆኑ የክሩ ድምፅ ይደመራል።

ይህን አንቀጽ ግን ሁለት ጊዜ አንብቡ። የጊታራችሁ ክር ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ጋር የተያያዘ ነው። ጉርምርምታ ለማጥፋት ብላችሁ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር በፍጹም አትቁረጡ። በሠርግ ድንኳን፣ በጄኔሬተር ስትጫወቱ፣ ከንፈራችሁ ማይክራፎኑን ከመንካቱ በፊት መልቲሜትሩን ተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በክሩና በማይክራፎኑ ብረት መካከል ለኩ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካያችሁ አትጫወቱ፤ መስመሩን አስተካክሉ። 220 ቮልት ሰው ይገድላል።

ሁለት ፒክአፕ አብረው ሲቀጥኑ

እያንዳንዳቸው ለብቻ ጥሩ ሆነው አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ከቀጠነ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል ማለት ነው። የፒክአፑን ሁለት ሽቦዎች ከፖቱ ነጥላችሁ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አገናኙ፣ የብረት ጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ማግኔቱ ላይ አስቀምጡና በፍጥነት አንሡ። ቁጥሩ ለቅጽበት ከፍ አለ ወይስ ዝቅ? ሌላውንም እንዲሁ ፈትኑ። አቅጣጫቸው ከተለያየ የአንዱን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ። የብረት ክዳን ያለው ከሆነ የክዳኑን ግራውንድ አስቀድማችሁ ለዩ።

ለክራርና ለማሲንቆ

የጎንደር አገር ልጅ ከጊታር ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህን ነው። ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 በሃርቫርድ ራድክሊፍ በነበረበት ጊዜ የባህል መሣሪያዎቻችንን በማዘመን ላይ ሠርቷል። እኛም ከመሠረቱ እንጀምር። ማግኔት የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። የብረት ክር ያለው ክራር የጊታር ፒክአፕ ይቀበላል። ጅማት፣ ናይሎንና የማሲንቆው የፈረስ ጭራ ግን ለማግኔት የሉም። ለእነሱ መርገብገብን በቀጥታ የሚይዝ የፒዬዞ ሳህን በብርኩማው አቅራቢያ ቆዳው ላይ ለጥፉ። ፒዬዞ 1 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። በቀጥታ ሚክሰር ላይ ከሰካችሁት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ በመካከል ትንሽ ፕሪአምፕ አግቡ። እዚህም ቢሆን መሣሪያውን ከመውቀሳችሁ በፊት መንገዱን እዩ።

የዚህ ምዕራፍ ተግባር

ጊታራችሁ በደንብ በሚሠራበት ቀን የኋላ ክዳኑን ፍቱና በውስጥ በኩል በእርሳስ ጻፉ፦ ቀኑን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የእያንዳንዱን ፒክአፕ ሬዚስታንስ፣ በኬብሉ ጫፍ ያገኛችሁትን ቁጥር፣ የሽቦዎቹን ቀለም። ከዓመታት በኋላ ጊታሩ ዝም ሲል ክዳኑን የሚከፍተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ሌላ ፒክአፕ ለመግዛት አቅም የሌለው ልጅ። ያ ልጅ “ለክተኸዋል?” የሚለው ሰው አጠገቡ ባይኖር እንኳ፣ ጽሑፋችሁን ያገኛል።